ያለ ሞርፊን ልተኛ ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄ፤ መልስ ሰጪ፦ ደሴ የሚሠሩ የማደንዘዣ ባለሙያ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን ዶክተር። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ዕድሜዬ 44፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቴ 128 ኪሎ ነው። ስኳር አለብኝ። ትንሽ ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ጉልበቴም አልሸከምሽ ብሎኛል። ጂዳ ያለችው እህቴ ወጪውን ችላኝ አዲስ አበባ ጨጓራ የማሳነስ ኦፕራሲዮን፣ ስሊቭ የሚሉትን፣ እንድሠራ ቀጠሮ ይዤአለሁ። እሷ እዚያው ጂዳ ተሠርታ ነበር። «ያለ ሞርፊን ነው ያስተኙኝ፣ አንድ ቀንም አላስመለሰኝ፣ አንቺም እንደዚያ አድርጉልኝ በያቸው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ የመጨረሻ ልጄን በኦፕራሲዮን ስወልድ ማታ ለሕመሙ የወጉኝ መርፌ ሲያስመልሰኝ አድሮ ስፌቱ የሚተረተር መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ «ያለ ማስታገሻ ሊቀዱሽ ነው እንዴ?» እያለ ይቆጣል። እውነት ይቻላል? አይሰማኝም? ልጠይቃቸው ወይስ ዝም ልበል? በነገራችን ላይ አንኮራፋለሁ፤ ልጆቼ ይስቁብኛል።

መልስ፦ አብሽሩ እህቴ። ዶክተር ስላሉኝ አመሰግናለሁ፤ ዶክተር ግን አይደለሁም። ሰርጅኑ ሆድ ላይ አቀርቅሮ ሲሠራ ከራስጌ ቆሞ ትንፋሽዎንና ልብዎን የሚጠብቀው ሰውዬ ነኝ። ከደብዳቤዎ ውስጥ ቀልቤን የያዘችው ደግሞ «በነገራችን ላይ» ብለው መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት መስመር ናት። እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ባለቤትዎን እናረጋጋ። ያለ ሞርፊን መተኛት ያለ ማደንዘዣ መቀደድ አይደለም። ያለ ማስታገሻ መዋልም አይደለም። ሙሉ ሰመመን ስንሰጥ ሦስት ሥራ እንሠራለን። አንደኛው ማስተኛት ነው፤ እሱን የሚሠራው ወተት የመሰለው ፕሮፖፎል ወይም እንደ አይሶፍሉሬን ያለ በትንፋሽ የሚገባ ጋዝ ነው። ሞርፊን ኖረም አልኖረም እርስዎ ተኝተዋል፤ አያዩም፣ አይሰሙም። ሁለተኛው ጡንቻ ማላላት ነው፤ ሆድ ካልላላ በካሜራ የሚሠራ ሰርጅን መፈናፈኛ አያገኝም። ሦስተኛው ሰውነት ለምላጩ የሚሰጠውን ምላሽ መግታት ነው። እርስዎ ቢተኙም ሰውነትዎ መነካቱን ያውቃል፤ ልብ ይሮጣል፣ ግፊት ይወጣል። ቤልጅጋዊው ፖል ጃንሰን እ.ኤ.አ. በ1960 ፌንታኒልን ከሠራ ወዲህ ይህ ሦስተኛው ሥራ በአብዛኛው በሞርፊንና በዘመዶቹ ጫንቃ ላይ ሆኖ ቆየ። ኦፒዮይድ የምንላቸው እነዚህን ነው፦ ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ፌንታኒል፣ ትራማዶልም ጭምር። ከወሊድዎ በኋላ የተወጉትም ምናልባት ከእነዚህ አንዱ ይሆናል።

ያለ ኦፒዮይድ ሰመመን የሚሰጡ ሰዎች የሚያደርጉት ይህ ነው፤ አንድ ጎረምሳ ብቻውን የተሸከመውን ኩንታል ለአምስት ሰው ያካፍላሉ። ትንሽ ኬታሚን፣ በደም ሥር የሚንጠባጠብ ሊዶካይን፣ ማግኒዥየም፣ ልብን የሚያሰክን ዴክስሜዲቶሚዲን ወይም ክሎኒዲን፣ ከዚያ ፓራሲታሞልና ዴክሳሜታዞን፣ በላዩ ላይ ደግሞ ካሜራና መሣሪያው በገባባቸው ቀዳዳዎች ወይም በሆድ ግድግዳ ላይ የሚወጋ ማደንዘዣ። እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ይሸከማሉ። ይህን አካሄድ በተለይ ለውፍረት ኦፕራሲዮን ሲሰብኩ ከኖሩት አንዱ በቤልጅግ ብሩዥ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ያን ሙሊየር ናቸው።

ለምን ለወፍራም ሰው ተብሎ ታሰበ? አሁን ወደ ማንኮራፋቱ ልምጣ።

ክብደትዎን ለቁመትዎ ካሬ ሳካፍለው 50 ይመጣል። ከ30 በላይ ውፍረት ይባላል፣ ከ40 በላይ ከባድ ውፍረት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በጀርባው ሲተኛ ሆዱ ሳንባውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሳንባው ውስጥ በመጠባበቂያ የሚቀመጠው አየር ያንሳል። ቀጭን ሰው ትንፋሹ ቢቆም ኦክስጅኑ እስኪወርድ ደቂቃዎች ሊሰጠን ይችላል፤ ወፍራም ሰው ግን ያን ያህል ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ እኛ ወፍራም ሰው ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ሥራችን ብርድ ልብስና አንሶላ እያጠፍን ከትከሻው ሥር መደርደር ነው። የጆሮው ቀዳዳ ከደረቱ አጥንት ጋር በአንድ መስመር እስኪገጥም እንደረድራለን። ከዚያ ቀና እንዳለ ጭምብሉን ፊቱ ላይ አድርገን ኦክስጅን በደንብ እናጠጣዋለን። የሚያይ ሰው አልጋ የምናነጥፍ ሊመስለው ይችላል፤ እኔ ግን ከየትኛውም ውድ መድኃኒት በፊት የማምነው ይህን ነው።

ማንኮራፋት ላይ ሲደርስ ነገሩ ይከብዳል። ብዙ ወፍራም ሰው ሲያንኮራፋ ቆይቶ ጉሮሮው ይዘጋል፤ ትንፋሹ ይቆማል፤ አንጎል «ተነስ!» ይለውና ጎርነን ብሎ ይተነፍሳል። ልጆችዎ የሚስቁት በጎርነኑ ነው። ሞርፊን የሚሠራው ክፉ ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ ያንን «ተነስ» የሚለውን ድምፅ ያደክመዋል። አንጎል በደም ውስጥ የሚከማቸውን የተቃጠለ አየር ቸል ይላል፣ የጉሮሮ ጡንቻም ይላላል። ኦፕራሲዮኑ ሰላም አልቆ፣ ሪከቨሪ ላይ ሲያወሩ ቆይተው፣ ማታ ዋርድ ውስጥ ሕመሙ ሲመለስ ሞርፊን ተወግተው ፀጥ ሲሉ ነው እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ። ፀጥታውን አስታማሚው «ጥሩ ተኛች» ብሎ ይተረጉመዋል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ከቤት የልብስ ስፌት ሜትር ይፈልጉና አንገትዎን ይለኩ። ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው? ቀን ቀን እንቅልፍ ያንገላጅጅዎታል? ተኝተው ትንፋሽዎ ሲቆም ባለቤትዎ አይተው ያውቃሉ? ደም ግፊት አለብዎት? በእኛ ሙያ ስቶፕ ባንግ የሚባል ስምንት ጥያቄ አለ፤ የቀሩት አራቱ ማንኮራፋት፣ ውፍረት፣ ከ50 በላይ ዕድሜና ወንድ መሆን ናቸው። ማንኮራፋትዎንና ውፍረትዎን በደብዳቤዎ ነግረውኛል፤ በዕድሜና በፆታ ደግሞ ነፃ ነዎት። ሦስት አዎ ካለ እንጠነቀቃለን፣ አምስት ከሞላ በእንቅልፍ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ሰው ነው ብለን እንነሳለን። መልሱን በወረቀት ጽፈው ይዘው ይሂዱ። አዲስ አበባ የእንቅልፍ ምርመራ አድርገው ሲፓፕ የሚባለውን አየር የሚገፋ ማሽን ካዘዙልዎ፣ ለኦፕራሲዮኑ ሲገቡ ይዘውት ይግቡ። ቤት ትተውት የሚመጡ አሉ፣ ጉድ ነው።

አሁን ማስመለሱን እንይ፤ እዚህ ላይ እህትዎ እውነት አላት። እ.ኤ.አ. በ1999 በአፕፌል ስም የሚጠራ ቀላል መመዘኛ ወጥቷል፤ አራት ነጥብ ብቻ ነው። ሴት መሆን፣ አለማጨስ፣ ከዚህ በፊት ከኦፕራሲዮን በኋላ ማስመለስ ወይም መኪና ማጥወልወል፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ ኦፒዮይድ መውሰድ። አራቱም ካሉ፣ መከላከያ ካልተሰጠ፣ ከ10 ሰዎች 8ቱን ያቅለሸልሻቸዋል ወይም ያስመልሳቸዋል፤ ሦስቱ ካሉ 6ቱን። እርስዎ ሴት ነዎት፤ ሲጋራ እንደማያጨሱ ልገምት፤ በወሊድ ጊዜ የሆነውን ደግሞ ነግረውኛል። ከኮምቦልቻ ደሴ ዳገቱን ሲወጡ መኪና ያጥወለውልዎታል ወይ ብዬ መጠየቅም አያስፈልገኝም። ከአራቱ ውስጥ እኛ በእጃችን የምናወጣው አራተኛውን ብቻ ነው። አዲስ በተሰፋ ጨጓራ ላይ ማስመለስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ስፌቱን ይወጥራል፣ ውኃ መጎንጨት ያቅታል፣ ሰው ይደርቃል።

ይህ በጥናትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ አንስቴዥያ የወጣ ጥናት 119 የውፍረት ኦፕራሲዮን ታካሚዎችን ለሁለት ከፍሎ ተመለከተ። ግማሾቹ በጋዝና በኦፒዮይድ፣ ግማሾቹ ያለ ኦፒዮይድ በፕሮፖፎል፣ በኬታሚንና በዴክስሜዲቶሚዲን ተኙ። ሁሉም የማስመለስ መከላከያ ተሰጥቷቸው ሳለ ከመጀመሪያዎቹ 37 በመቶ ያህሉ፣ ከሁለተኞቹ 20 በመቶው ነው የማቅለሽለሽና የማስመለስ ችግር የገጠማቸው።

ግን እህትዎ ያልነገረችዎት አለ። ፈረንሳይ ውስጥ በሌሎች ትላልቅ ኦፕራሲዮኖች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሰፊ ጥናት ከመጠናቀቁ በፊት እንዲቆም ተደረገ። ምክንያቱም በዴክስሜዲቶሚዲን ከተኙት ውስጥ በአምስቱ ላይ የልብ ምት በጣም ዘገመ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ኦክስጅን የወረደባቸውም ያለ ኦፒዮይድ በተኙት በኩል በዙ፤ የተፈለገው ተቃራኒው ነበር። ሕመሙን በተመለከተም ያለ ኦፒዮይድ የተኛና በኦፒዮይድ የተኛ ሰው ሲነቃ ልዩነቱ ያን ያህል የሚወራለት አይደለም። ጉልህ ሆኖ የሚታየው የማስመለሱ ነገር ነው።

ተተኪዎቹ መድኃኒቶችም መላእክት አይደሉም። ማግኒዥየም ጡንቻ የሚያላላውን መድኃኒት ያራዝመዋል፤ ጡንቻዋ ሳይመለስ የመተንፈሻ ቱቦ የወጣላት ወፍራም ሴት ደግሞ ከሞርፊኑ ባልተናነሰ ትንፋሽ ታጣለች። ሊዶካይን በ128 ኪሎ ተሰልቶ ከተሰጠ መርዝ ነው፤ የሚሰላው ሊኖርዎት በሚገባው ክብደት ነው፤ በሆድ ግድግዳ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣም አብሮ መቆጠር አለበት። ዴክሳሜታዞን ስኳርዎን ከፍ ያደርጋል፤ ማታ ስኳርዎ ከፍ ቢል አይደንግጡ፣ መለካቱን ግን ያስታውሷቸው።

የእኔን ሐሳብ ከፈለጉ፣ «ያለ ሞርፊን አስተኙኝ» ብለው በር ላይ አይቁሙ። ባለሙያ የለመደውን መንገድ በታካሚ ግፊት ትቶ ያልለመደውን ሲሞክር አልወድም፤ እኔም ብሆን እምቢ እላለሁ። ይልቅ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር አስር ደቂቃ ለመነጋገር ይጠይቁ። ቀጠሮ ላይ ከሰርጅኑ ጋር ብቻ አውርቶ መመለስ የኛ አገር ልማድ ነው፤ እርስዎ ግን እንቢ ይበሉ። ሲያገኙት እንዲህ ይበሉት፦ «አንኮራፋለሁ፣ አንገቴ ይህን ያህል ነው፣ ከወሊድ በኋላ የተሰጠኝ መርፌ ሌሊቱን ሲያስመልሰኝ አድሯል። ኦፒዮይዱን የምትችለውን ያህል አሳንስልኝ። ማታስ ማን ነው የሚያየኝ?» ቀሪውን ራሱ ያውቃል። ጥቂት ፌንታኒል መግቢያ ላይ ሰጥቶ ቀሪውን በሌሎቹ ቢሸፍነው አይከፋኝም። እኔ የምፈራው ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ፣ ከራስጌዎ ሰው ቆሞ፣ ማሽን ተገጥሞ የሚሰጠውን ሳይሆን ሌሊት ዋርድ ውስጥ የሚሰጠውን ነው።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ደግሞ ዋናው ያ የመጨረሻው ነው። ለመጀመሪያው ሌሊት ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ ሳይቋረጥ ይኑር፤ አልጋው ከራስጌ ቀና ይበል፤ በጀርባዎ ሳይሆን በጎንዎ ይተኙ። የሚያስታምምዎ ዘመድ እንቅልፋም አይሁን። ማንኮራፋትዎ ድንገት ፀጥ ካለ ትከሻዎን ነቅንቆ ነርስ እንዲጠራ ይንገሩት። ሞርፊን የሚሰጥበት ዋርድ ማርከሻው ናሎክሶን በእጁ ሊኖር ይገባል፤ ይህንንም መጠየቅ ነውር የለውም። አዲስ አበባም ሆነ ደሴ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ስለሆኑ መለኪያው እህትዎ ጂዳ ያየችውን 99 ባያሳይ አይጨነቁ። ቁጥሩ ከመነሻው ሲወርድ ነው የሚያሳስበው፤ ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት ቁጭ ብለው የነበረዎትን ቁጥር ያስይዙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤት ከተመለሱ በኋላ ሲያምዎት ፋርማሲ ገብተው እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችን አይግዙ። ስሊቩ ቀርቶ አንጀት የሚቀጥሉበት ባይፓስ ከተሠራልዎ እነዚህ ማስታገሻዎች የተቀጠለበት ቦታ ላይ ቁስል ያመጣሉ። ለስሊቩም ቢሆን የሠራዎትን ሰርጅን ሳይጠይቁ አይሆንም። ፓራሲታሞል ይበቃዎታል፤ እሱም በታዘዘልዎ ልክ።

ጥያቄ፦ ወልዲያ የምሠራ ነርስ ነኝ። እኛ ጋ ሞርፊን ሲጠፋ በኬታሚን እንሠራለን። ታዲያ ፈረንጆቹ ያለ ኦፒዮይድ ሰመመን የሚሉት እኛ ዓመታት የሠራነው አይደለም? ደግሞስ ኬታሚን ሰው ያሳብዳል ለሚሉት ምን ትላለህ?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ሞርፊን ጠፍቶ መቅረትና ሞርፊን ታስቦ መተው ለየቅል ናቸው። ፈረንጁ ሲተው በምትኩ አምስት ነገር ያስገባል፣ የሆድ ግድግዳ ያደነዝዛል፣ ሌሊቱን ይጠብቃል፣ ካልሆነለት ደግሞ ሞርፊኑ መደርደሪያው ላይ አለ። እኛ ስናጣው በሽተኛው ጥርሱን ነክሶ ያድራል። በጦርነቱ ጊዜ የወሎ ሆስፒታሎች ተዘርፈው መደርደሪያው ባዶ በቀረበት ሰሞን የነበረውን ሌሊት ማንም «ዘመናዊ ሰመመን» ብሎ እንዲጠራብኝ አልፈልግም። በካንሰር ለሚሰቃይ ሰው፣ ለተቃጠለ ሰው ሞርፊን መብቱ ነው። ስለ ውፍረት ኦፕራሲዮን የጻፍኩትን ይዞ «ሞርፊን መጥፎ ነው ተብሏል» የሚል ሰው ዋርድህ ውስጥ ካለ ጆሮውን ቆንጥጥልኝ።

ኬታሚን ግን ውለታችን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ ተሠርቶ በ1970 የተፈቀደ፣ ትንፋሽ ብዙ የማይነካ፣ ግፊት የማይጥል መድኃኒት ነው። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። እኛ ለማስተኛት በደም ሥር በኪሎ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም እንሰጣለን፤ ያለ ኦፒዮይድ ሰመመን ላይ የሚሰጠው የዚያ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ነው። ሰው ሲነቃ መቃዠቱ በሙሉ መጠን የሚበዛ ነው፤ በትንሹ መጠን ጥቂት ነው። ያም ሆኖ ከማስተኛትህ በፊት «ሕልም ልታይ ትችያለሽ፣ ያልፋል» ብለህ ንገራት፤ ስትነቃ ክፍሉ ፀጥ ይበል፤ አምስት ሰው ከበው ስሟን አይጩኹባት። ቅዠቱን ፈርተህ ማረጋጊያውን ዳያዜፓም ከመደረብህ በፊት ደግሞ ታንኮራፋለች ወይ ብለህ ጠይቅ፤ እሱም ትንፋሽ ያደክማል።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነኝ። ወንድ፣ 51 ዓመቴ፣ 140 ኪሎ። እኔም ለዚሁ ኦፕራሲዮን እየተዘጋጀሁ ነው። ከሐሙስ ዱዓ አልቀርም፣ እቅማለሁ። ለመቀነስ ብዬም ዘመድ ከውጭ የላከልኝን ኦዘምፒክ በሳምንት አንዴ እወጋለሁ። ለሐኪሙ አልነገርኩትም፤ መንገር አለብኝ?

መልስ፦ ሁለቱንም ይንገሩ፣ ዛሬውኑ። ጫት የልብ ምትና ግፊት ያነሳል፤ ሰመመን ላይ ግፊቱ አንዴ ሲወጣ አንዴ ሲወርድ ያስቸግረናል፤ ጨጓራም ቶሎ አይለቅም። እኔ የማስተኛቸውን ሰዎች ሳምንት ቀደም ብላችሁ ተዉ ነው የምላቸው። ዱዓው ይቀጥል፣ ቡናውም ይፈላ፣ ቅጠሉ ብቻ ይቅር። ሼሁም ቢሆኑ ይህን ሲሰሙ የሚከፉ አይመስለኝም።

ኦዘምፒኩ ከጫቱ ይልቅ ያሳስበኛል። መድኃኒቱ የሚያጠግብዎት በከፊል ጨጓራ ምግቡን ቀስ ብሎ እንዲለቅ እያደረገ ስለሆነ ነው። ጾመው ገብተው እንኳ ጨጓራዎ ውስጥ ትናንት የበሉት ሊገኝ ይችላል፤ ሲያስተኙዎት ያ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ከገባ ከባድ ነው። መቼ እንደሚያቆሙና ከዚያ በፊት ለስንት ቀን ፈሳሽ ብቻ እንደሚወስዱ የማደንዘዣ ባለሙያው ይወስን፤ ስኳር ካለብዎት ደግሞ በራስዎ አያቋርጡት። በተለምዶ ከኦፕራሲዮን በፊት ምግብ ለ6 ሰዓት፣ ውኃና ወተት የሌለው ቡና ለ2 ሰዓት እንከለክላለን፤ ለእርስዎ ግን ይህ ላይሠራ ይችላል። የመጨረሻውን መርፌ የተወጉበትን ቀን ይጻፉና ከመታወቂያዎ ጋር ያስቀምጡት፤ በር ላይ ሲጠይቁዎት ከቃልዎ ይልቅ ወረቀቱን ይስጧቸው። አንገትዎንም ይለኩ፤ ወንድና ከ50 በላይ ስለሆኑ እርስዎ ከኮምቦልቻዋ እህታችን ሁለት ነጥብ ቀድመው ነው የሚነሱት።